ጎረቤት የጎደለበት መንደር

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 በዓለም ትልቁ የገበሬ መንደር ተዘጋ። የተፈናቀለ የለም፣ ካሳ የጠየቀም የለም። መንደሩ ፋርምቪል ይባል ነበር። ዚንጋ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2009 በፌስቡክ ላይ የከፈተው ጌም ነው። በገነነበት በ2010 መጀመሪያ በወር ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጫወቱት ነበር። የዚያን ጊዜውን የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ለሚያስታውስ ሰው ቁጥሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ አንድ አገር ሙሉ ገበሬ ማለት ነው። ጌሙ የቆመበት ፍላሽ የተባለው ሶፍትዌር ዕድሜው ሲያበቃ ማሳውም፣ ላሟም፣ አጥሩም በአንድ ሌሊት ጠፉ።

የመንደር ጌም ምን እንደሆነ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቃል። ከላይ ሆኖ የሚታይ አረንጓዴ መሬት አለ። ጥቂት ማሳ፣ አንድ ጎጆ፣ ሁለት ዶሮ ይሰጣል። በጣት ሲነኩት ይዘራል፣ ጥቂት ሲቆዩ ይደርሳል፣ ደግመው ሲነኩት ይታጨዳል። በተገኘው ሳንቲም ወፍጮ ይሠራል፣ ከዚያ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ሌላ ማሳ። መሸነፍ የለም፣ ማለቅም የለም። እዚህ ፍራንክፈርት፣ በምኖርበት በኖርድኤንድ፣ ከሜሪያንፕላትስ ዩ4 ባቡር ስሳፈር አጠገቤ ከቆሙት አንዱ ስንዴ ሲያጭድ ማየት የተለመደ ነው። ኖርድኤንድ ደግሞ ስንዴ የሚታሰብበት ቦታ አይደለም። ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ የቆሙበት፣ በከተማዋ ብዙ ሕዝብ ከሚኖርባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። በረንዳ ያለው ሰው ራሱን እንደ ባለርስት ይቆጥራል።

ይህን የሥራ ፈት ጨዋታ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን የሚስብበት ምክንያት ቀላል አይመስለኝም። የስደተኛ ሕይወት በመጠበቅ የተሞላ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ይጠበቃል፣ የፈተና ውጤት ይጠበቃል፣ የሚስት ወይም የልጅ ቪዛ ይጠበቃል፤ መቼ እንደሚደርስ የሚናገር ግን የለም። በፋርምቪል እንጆሪ በአራት ሰዓት ይደርሳል ከተባለ በአራት ሰዓት ይደርሳል። መሬቱ ቃሉን ይጠብቃል። አለቃ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ከሌሊት ፈረቃ ተመልሶ አልጋው ላይ ተጋድሞ አሥር ደቂቃ የሚያርስ ሰው የሚያገኘው ነገር አለ፤ የጀመረውን ይጨርሳል። ቀኑን ሙሉ ያላገኘውን ማለት ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ከገጠር ብንወጣም ባንወጣም የገጠር ልጆች ነን ማለት እንወዳለን። ጌሙ ይህን ናፍቆት ያለ አውሮፕላን ትኬት ያስታግሳል።

ጉድለቱን ያየሁት በልጄ በኩል ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሱፐርሴል የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ በ2012 ያወጣውን ሄይ ዴይ ትጫወታለች። በዚያ ጌም ስንዴ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ እሑድ ጎጃም ካለችው አያቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ "እምዬ፣ የእናንተ ስንዴ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አለቻት። አያቷ ጥያቄው ስላልገባት ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ "እናቴዋ፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር፤ ያውም እግዜር ካለ፣ ያውም ሰው ከተገኘ" አለች። ልጄ "እግዜር ካለ" የሚለውን ቀድሞም ታውቀዋለች። "ሰው ከተገኘ" የሚለው ግን ግራ ገባት። ለማጨድ ሰው ምን ያደርጋል?

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። መንደርን ለመጫወቻነት የሠሩ ሰዎች በየዘመኑ ከመንደሩ ምን እየቀነሱ ሠሩት?

ነገሩ ከስልክ በጣም ይቀድማል። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በ1780ዎቹ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ሪሻር ሚክ በተባለ አርክቴክት የገበሬ መንደር አሠርታ ነበር። ኩሬ፣ ወፍጮ፣ የወተት ቤት፣ የርግብ ቤት ነበረው፤ አሮጌ እንዲመስል ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ተሥሎበታል። እውነተኛ ገበሬም ተቀጥሮበት ነበር። ግብር የሚሰበስብ፣ በዳቦ ዋጋ የሚያማርር ግን አልነበረበትም፤ እነዚያ ከቅጥሩ ውጭ ነበሩ። መጨረሻው ይታወቃል።

ለኛ ሰፈር የሚቀርበው የላይፕሲሽ ታሪክ ነው። በ1860ዎቹ ሐውሽልድ የሚባል የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በሟቹ ሐኪም በሽሬበር ስም ማኅበር አቋቋመ። ዓላማው ለከተማ ልጆች መጫወቻ ሜዳ ማዘጋጀት ነበር። ቆይቶ ጌዘል የተባለ ጡረተኛ መምህር ልጆቹ እየተጫወቱ እርሻ እንዲለምዱ በሜዳው ዳር ትናንሽ መደብ አበጀላቸው። ልጆቹ ዘሩ፣ ሰለቻቸው፣ ተዉት። አረሙን ማረም የጀመሩት ወላጆች ናቸው፤ ከዚያም መደቦቹን አጠሩ፣ ጎጆ ሠሩ፣ ሳይለቁ ቀሩ። የጀርመን ከተሞችን ዛሬ የከበቡት ትናንሽ የአትክልት ቦታዎች፣ ሽሬበርጋርተን የሚባሉት፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። የፌስቡክ እርሻ ታሪክም ከዚህ አይርቅም፤ ልጆች ይጀምሩታል፣ እናቶች ይወርሱታል።

ሽሬበርጋርተን ግን ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። በጦርነትና በረሃብ ዓመታት ድንችና ጎመን አብልቷል። በ1920ዎቹ ኤርነስት ማይ የተባለው አርክቴክት ፍራንክፈርትን ሲያስፋፋ ሌበሬሽት ሚገ የተባለው የአትክልት ንድፍ ባለሙያ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ሠራተኛው ጓሮውን እንዲያለማ ነደፈ። የፍራንክፈርት ወጥ ቤትን የነደፈችው ማርጋሬተ ሽውተ ሊሆትስኪ ለአትክልት ቦታዎቹ ጎጆ ነድፋለች። ዛሬም በ1983 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። አንዱ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ጎጆው ከ24 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ለዘለቄታው መኖሪያ መሆን የለበትም። ፍርድ ቤት ደግሞ ሲሶ ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲሆን ወስኗል። ስንቱ ሐበሻ ነው "ጀርመን ለጓሮ ጎመን ሕግ አለው" እያለ የሳቀው! ሕጉ ግን ሞኝነት አይደለም። አጥርህ ከፍ ሲል የጎረቤትህ ቲማቲም ጥላ ይውጠዋል፤ ሕጉ የሚያወራው ስለ ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። በ1993 ብሉ ባይት የተባለ የጀርመን ኩባንያ ዲ ዚድለር፣ "ሰፋሪዎቹ" የተባለውን ጌም አወጣ፤ የሠራው ፎልከር ቬርቲሽ ይባላል። ዛሬ ስልክ ላይ ከምናያቸው የመንደር ጌሞች የብዙዎቹ ቅድመ አያት ከሚባሉት አንዱ ነው። ውበቱን ያየ አይረሳውም። ተጫዋቹ ለሰዎቹ በቀጥታ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ቤት የሚሠራበትን ቦታ ያሳያል፣ መንገድ ይዘረጋል። የቀረውን እነሱ ያውቃሉ። እንጨት ቆራጩ ይቆርጣል፣ ደን ጠባቂው መልሶ ይተክላል፣ ገበሬው ያመርታል፣ ወፍጮው ይፈጫል፣ ጋጋሪው ይጋግራል፣ ዳቦው ለማዕድን ቆፋሪው ይሄዳል። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ያያል። አንድም ሰው ስም የለውም፣ አንድም ሰው እምቢ አይልም።

እኛ ይህን ዓይን በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። መንደር ምሥረታ ከኦጋዴን ጦርነት ማግስት በባሌ ተጀመረ፣ በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ በሰፊው ተካሄደ፣ ከዚያ ወደ ሌሎች ክፍለ ሀገራት ተዛመተ። በመመሪያው መሠረት ቦታው ሜዳማ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቤቱ በረድፍ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ግቢ 1,000 ካሬ ሜትር ነበር። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ ለተበታተነ ሕዝብ ማዳረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ይሰብሰብ ተባለ። ክርክሩ ወረቀት ላይ መልስ የለውም። ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ፣ ማገሩንና ሣሩን ተሸክሞ ወደ ረድፉ ገባ።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ብዙ ነው። አሮጌው ጎጆ እዚያ የተሠራው ማሳው እዚያ ስለሆነ ነው፤ ጦጣና ከርከሮ የሚጠበቀው ከደጅ ነው። ከብቱ የሚያድርበት፣ ፍጉ የሚጣልበት፣ ጌሾው የሚበቅልበት ጓሮ አለ። ከማን ጋር ወንፈል እንደሚገባ፣ ማን በሬ እንደሚያጣምር፣ የማን እናት የማንን ልጅ እንዳዋለደች በካርታ አይታይም። ጄምስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ የኢትዮጵያን መንደር ምሥረታ ከታንዛኒያው ኡጃማ ጎን አስቀምጦ የጻፈው ይህንኑ ነው፦ መንግሥት የሚሠራው መንደር ከላይ ሲታይ የሚነበብ መንደር ነው፣ የሚኖርበት ሰው ግን ከላይ አያየውም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በየቦታው ገበሬው ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ምን ያህል ፈጥኖ እንደተመለሰ ያዩ ሰዎች ዛሬም ይገረማሉ።

ጌም መጫወትና ሰውን ከቤቱ መንቀል አንድ ናቸው አላልኩም። ስልክ ላይ ዳቦ ቤት በማንሳት የሚራብ የለም። የሚያመሳስላቸው የቀነሱት ነገር ነው። ሁለቱም መንደርን የቤትና የማሳ ድምር አድርገው ቆጠሩት።

ከሌላ ጎን የመጣ መንደርም አለ። ያሱሂሮ ዋዳ የሚባል ጃፓናዊ ከገጠር ወጥቶ ቶኪዮ ገባ። የተወለደበት አገር ምን እንደነበረው የገባው እዚያ ከተማ ሲኖር እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። በ1996 ሃርቨስት ሙን የተባለውን ጌም ያወጣው በዚህ ስሜት ነው። ስለዚህ የእርሻ ጌም ከመነሻው የስደተኛ ሥራ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እዚህ ተጫዋቹ ከላይ የሚያይ ዓይን አይደለም፤ መንደሩ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው ነው። ጎረቤቶች አሉ፣ በዓል አለ፣ ጋብቻ አለ። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ለብቻው አራት ዓመት ተኩል ደክሞ በ2016 ያወጣው ስታርዱ ቫሊ የዚሁ ልጅ ነው፤ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቅጂ ተሽጦለታል። ከሁሉም የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

የስታርዱ ቫሊ መነሻ ግን አንድ ጎጃሜ ሽማግሌን ያስቃል። ቢሮ ተቀምጦ የመረረው ወጣት የሟች አያቱን ደብዳቤ ይከፍታል፤ እርሻው ያንተ ነው ይላል ደብዳቤው። ሄዶ ይገባበታል። አለቀ። ወንድም የለ፣ የአክስት ልጅ የለ፣ ምስክር የለ! አለን ሆበን በ1973 ስለ ጎጃም የመሬት ይዞታ ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በዚያ አገር ርስት በአባትም በእናትም የሚቆጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት የሚወለድ ሁሉ ይገባኛል ማለት ይችላል። ስለዚህ የአያት መሬት ማለት የትውልድ ቆጠራ፣ የሙግት፣ የሽማግሌና የዳኛ ጉዳይ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ሥርዓት ሻረ እንጂ የወሰን ክርክርን አልሻረም። ያን ሙግት አላወድስም፤ ስንቱን አደኸየ፣ ስንቱንም አጋደለ። ያለ እሱ የተሳለ የአያት መሬት ግን የማንም አያት መሬት አይደለም።

የስታርዱ ቫሊ ጎረቤቶችም እንዲሁ ናቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወዱትን ስጦታ መስጠት ነው፣ ልባቸው ይሞላል። ማታ በር አንኳኩቶ "ልጄ ታመመብኝ፣ በቅሎህን" የሚል የለም። ዓመቱ ይዞራል፣ ማንም አያረጅም፤ ቀብር የለም፣ ስለዚህ እድር የለም። እድር የሌለበት መንደር ውስጥ ለመኖር ምንም ወጪ የለም። ለዚህ ይሆናል የሚያሳርፈው።

ጎረቤትን ጨርሶ ያልዘነጋ ጌም አንድ ጊዜ ተገኝቶ ነበር። በ2008 ሻንሃይ ውስጥ የተሠራው ሃፒ ፋርም የወዳጅን ማሳ ገብቶ መስረቅ ይፈቅድ ነበር። ቻይና ውስጥ ሰው ሰብሉ ሳይሰረቅ ለማጨድ በሌሊት ይነሣ ጀመር፤ የአትክልት ስርቆት የአገር ወሬ ሆነ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ቢያንስ ማሳህን የሚያይ ሌላ ሰው ነበረበት። በፋርምቪል ስርቆት አልነበረም። "ጎረቤት" የሚለው ቃል ነበረ፣ ትርጉሙ ግን ተለውጦ። ጎረቤት ማለት ኩባንያው እንድትጋብዝለት የሚፈልገው ሰው ነው፤ መሬትህን ለማስፋት ወይ በቂ ጎረቤት ታመጣለህ ወይ እውነተኛ ገንዘብ ትከፍላለህ። ያን ጊዜ ፌስቡክ ላይ የነበረ ሰው ከማይቀርባቸው ሰዎች ስንት የላም ጥያቄ እንደደረሰው ያስታውሳል። ያልታጨደ ሰብል ስለሚጠወልግም መንደሩ ጌታ ሆኖ ይጠራ ጀመር፤ በሥራ ሰዓት፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ በልቅሶ ቤት።

ኢያን ቦጎስት የተባለ የጌም ምሁር በዚህ ለመቀለድ በ2010 ላም መንካት ብቻ የሆነ ጌም ሠራ። በየስድስት ሰዓቱ ላሟን መንካት፤ ሌላ ምንም የለም። ቀልዱ ሳይገባቸው ወይም ገብቷቸውም በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫወቱት። በሚቀጥለው ዓመት ላሞቹን አጠፋቸው። ላሟ የነበረችበትን ባዶ ቦታ መንካታቸውን የቀጠሉ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አገራችን የራሷ የእርሻ ጌም ነበራት፤ አሁንም አላት። ገበጣ። የጨዋታ አጥኚዎች ገበጣንና ዘመዶቹን የመዝራት ጨዋታዎች ብለው ይጠሯቸዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚታወቁትን ዓይነቶች ሰብስቦ አውጥቷል፤ ብዛታቸው የሚያስደንቅ ነው። ሕጉ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አካሄዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከራስህ ጉድጓድ ጠጠሩን ታፍሳለህ፣ አንድ በአንድ እየጣልክ ትሄዳለህ፤ ጉድጓድህ ሲያልቅ ግን አታቆምም፣ ወደ ባላጋራህ ጉድጓድ ትሻገራለህ። እሱ ማሳ ላይ ሳትዘራ ጨዋታው አይሄድም። የጣልከው ነገ የእሱ ኃይል ይሆናል፣ ወይ ዞሮ ላንተ ይመለሳል። ብቻህን መጫወት አይቻልም፤ ተቃራኒህ እፊትህ ተቀምጧል፣ ሲያስብ ታየዋለህ፣ ሲያጭበረብር ትይዘዋለህ። ሰሌዳ ከሌለ መሬት ይቆፈራል። የጎጆና የዶሮ ሥዕል የለውም፤ መንደርን ግን ከሄይ ዴይ የበለጠ ያውቃል።

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በሠራው ኩኩሉ በተባለው የስልክ ጌም ዋናዋ ባለታሪክ ከገበሬው የምትሸሽ ዶሮ ናት። ስለ መንደር ከተሠሩት ሁሉ ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ትሆን እያልኩ አንዳንዴ እስቃለሁ። በዓል ሲደርስ የሚሆነውን ታውቃለች።

ኖርድኤንድ ውስጥ ከጉንተርስቡርግ ፓርክ ጀርባ ሰዎች አረንጓዴው ሳንባ የሚሉት መሬት አለ። አሮጌ የአትክልት ቦታዎች፣ የፍራፍሬ ዛፎች፣ ዘመም ያሉ ጎጆዎች አሉበት። እዚያ 1,500 ያህል መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት ለዓመታት ዕቅድ ተነድፎ ነበር፤ ለአካባቢው የታሰበው ሰፊ ዕቅድ በአንድ ወቅት የዚያኑ የኤርነስት ማይን ስም ይዞ ነበር። በካርታው ላይ ባዶ መሬት ይመስላል። የአካባቢው ሰዎች ፊርማ አሰባሰቡ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ተከራከሩ። በ2021 ከከተማው ምርጫ በኋላ የተጣመሩት ፓርቲዎች ዕቅዱ እንዲቀር ተስማሙ።

ደስ አለኝ፣ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። በዚህ ከተማ ቤት የሚፈልገው ማን ነው? ሁለት ልጅ ይዞ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድረው፣ በስሙ ምክንያት ቤት ለማየት እንኳ የማይጠራው ማን ነው? እኛ ነን። የአትክልት ቦታ ለማግኘት ተራው በዓመታት ይቆጠራል፤ ማኅበሮቹ ውስጥ የሚታወቁት ስሞችም የኛ አይደሉም። ጎመን የሚተክለው ጡረተኛም እውነት አለው፣ ቤት ያጣው ቤተሰብም እውነት አለው።

እኛ በበኩላችን በረንዳ ላይ ሦስት ማሰሮ አለን፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አንድ ደግሞ ልጄ የዘራችው ስንዴ። ሁለት ወር አልፎት ገና አረንጓዴ ነው። ሰኔ ላይ ከታች ያሉት አሮጊት ውኃው የእሳቸው በረንዳ ላይ እየፈሰሰ መሆኑን በወረቀት ጽፈው በራችን ላይ ለጠፉልን። ልጄ ወረቀቱን አንብባ፣ "አሁን ምን እናድርግ?" አለችኝ። ልብሷን ቀይራ አብራኝ ወረደች፤ ጀርመንኛው ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀላታል።